ከሦስት እስከ ዘጠኝ

ዮርክተን ከተማ፥ የአደን ዕቃ መደብር፥
መስታወት ሣጥን ውስጥ የተኛ መነጽር፤
አንዱ ክንድ የሚያህል፥ አንዱ ግን ከስንዝር
ብዙም የማይዘልል፥ ግራጫ፥ የማያምር።

ዳርሲ፥ ሻጩ ልጅ፥ ቁልፉን እያዞረ
ለትልቁ እንደ ሚዜ ቆሞ መሰከረ፦
«ከአምስት ተነሥቶ ሃያ አምስት ያጎላል፤
የፊት ሌንሱ ሰፊ፥ ሃምሳ ስድስት ይሆናል፤
በስምንት መቶ ሜትር የዝንብ እግር ያስቆጥራል፥
ከእጅህ ቢወድቅ እንኳ ወለሉ ይሰበራል።»

ሁለት ክረምት ሙሉ፥ ከመሬት በታች፥
ፖታሽ በሚወጣበት፥ በጨው ግድግዳዎች፥
ብረት ስበይድ ያጠራቀምኩት ገንዘብ
ኪሴ ውስጥ ሞቀና ጀመረ ሊያስብ።

ዋልተር ናቲዩክ ግን፥ ጎረቤቴ ሽማግሌው፥
(ከቀኝ ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ አለው፥
በሃያ ዓመቱ ዓይኑን ቢያስጠጋበት
መነጽሩ ነክሶ ያተመው ምልክት)
«እናውጣቸው» አለ፥ «ደጅ ላይ እንያቸው፤
ሱቅ ውስጥ በመብራት ቆንጆ ናቸው ሁላቸው።»

ሰዓቱ አሥራ አንድ። ኅዳር ነው። ሊመሽ ነው።
ከሐዲዱ ማዶ የስንዴው ጎተራ ጥቁር ተራራ ነው።
ካፖርቱን ጠቅልሎ መኪናው ኮፈን ላይ
ትልቁን አስተኛና «በል» አለኝ፥ «እስቲ እይ።»

ሃያ አምስት ላይ አየሁ።
ጎተራ የለም። ሰማይ የለም።
አንድ የዛገ ሚስማር፥ እሱም ይንቀጠቀጣል፤
ለካ ልቤ ነው፥ በጆሮዬ ይመታል።
ትንፋሼን ብይዝም አልሰጠኝም ፋታ፤
ብርሃኑ ጠበበ፥ መርፌ ቀዳዳ ገባ፥ ጠፋ በዝምታ።

ትንሹን አቀበለኝ። ሦስት ላይ አደረግሁት።
ጎተራው ተመለሰ፥ ከነጣሪያው አየሁት፤
ሐዲዱም፥ አጥሩም፥ ከአጥሩም ሥር ደግሞ
የፈሰሰ ገብስ የምትለቅም አጋዘን፥
ከአርባ እርምጃ ባነሰ፥
እኔ ሚስማር ስቆጥር እሷ እራቷን ስትጨርስ።

ውሸት ግን አልናገርም።
እሑድ፥ በጠጠሩ ጉድጓድ፥ ሦስት መቶ ሜትር ላይ፥
ትልቁን በውሰት አስሬ አነጣጥሬ ሳይ
የወረቀቱን ቀዳዳ ከነጠርዙ አየሁት፤
ቀጭ፥ ቀጭ፥ ሁለት ወደ ግራ፤ መሐሉን መታሁት።
አምስቱ ጥይቶች አንድ ሳንቲም ውስጥ ገቡ፤
አልሞ ተኳሽ ሆንኩ፥ ጉንጮቼ አበቡ።
ወረቀት አይሸሽም። ወረቀት አይመሽበትም።
ወረቀት ከኋላው ጎረቤት የለውም።

«ለወረቀት ትልቁን» አለኝ ዋልተር፥ «ለጫካ ትንሹን፤
ለደሃ ግን አንዱን።»
ተረቱን ነገርኩት፤ ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ፤
ሁለቴ አስደገመኝ፥ እንደ ቋንቋ ተማሪ።

ትንሹን ገዛሁ። የተረፈው ገንዘብ የክረምት ጎማ ሆነ፤
ዳርሲም ደረሰኝ ሲጽፍ ፊቱ ትንሽ ዳመነ።

የአደኑ ሦስተኛ ቀን።
የታጨደ ካኖላ፥ ውርጭ ያደረበት፥
ብርቱካናማ ልብሴ ጎህ የቀደደበት።
ከአኻያው ጥሻ ወጣ፥ አፍንጫው እያጨሰ፥
ቀንዳሙ አጋዘን፤ መቶ ሃያ እርምጃ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ደረሰ።
ጣቴ ቀለበቱን ወደ ዘጠኝ ሊያዞር፥
ትከሻው ብቻ እስኪቀር፥ ፀጉሩ እስኪቆጠር፥
ሲቃጣ፥

በክቡ ግራ ጠርዝ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ።
ከአጋዘኑ ጀርባ፥ በገጠሩ መንገድ፥
የትምህርት ቤት አውቶቡስ። ቀይ መብራቱ ጠፋ፥ በራ።
አንዲት ልጅ ጓንቷን ጥላ፥ ተመልሳ፥ አንሥታ፥
እንደገና ስትጥለው፥ ስትሥቅ።
አጋዘኑም አንገቱን አዙሮ እሷን ያይ ነበር።

መጠበቂያውን መለስኩ።
አውቶቡሱ ሄደ። አጋዘኑም ሄደ፤ አልቸኮለም።

ዋልተር ከኋላዬ፥ በሹክሹክታ፦ «ስንት ላይ ነበርክ?»
«ሦስት።»
ምንም አላለኝም። ጓንቱን አወለቀና
ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጨረቃ አከከ፤
ብርድ ሲበረታ ትበላዋለች።