የሠላሳ ደቂቃ ብራና

መጀመሪያ የመጣው ማክሰኞ ማታ፣ ከክርኗ በታች፤
ሳማ መሃል እጇን እንደ ሰደደች።
ቀላ፣ አበጠ፣ ጠርዙ ነጣ፣ ትንሽ ደሴት ሆነ፤
ሌሊት ወገቧ ላይ ተዘራ፣ ሲነጋ እንደ ጤዛ ተነነ።

ኢዳሊና በፖርቶ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፤
የማታውቀውን ሰው ላብ፣ የማታውቀውን ሰው ደም
በዘጠና ዲግሪ ታፈላለች።
ሃያ ሰባት ዓመት እንፋሎት ያልደፈረው ቆዳ
ዛሬ ለቦርሳ ማንገቻ፣ ለፎጣ ጫፍ፣ ለጥፍር ተሰናዳ፤
የነካው ሁሉ ይጽፍበታል።

ታዲያ ማን ነው?

ጎረቤቷ ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ደረጃው ላይ ቆማ፣
«ክትባቱ ነዋ! ዐሥራ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላማ!»
አለች በጣቷ እየቆጠረች።
ባሏ ጋስፓር ጠረጴዛውን መታ፦
«የእሁዱ ሽሪምፕ ነው። ሽታው ያኔውኑ አላማረኝም።»
ልጇ ማፋልዳ ብቻ ዝግ ብላ፦
«እማ፣ ከመርፌው በፊት ሦስት ቀን ተኝተሽ የለ?
ጉሮሮሽ ተዘግቶ፣ ብርድ ብርድ ብሎሽ…»
ስሙን ማንም ያልጠየቀው ቫይረስ፣
ሳይሰናበት የወጣ እንግዳ።

ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነበር።
ብላቴናውን መድኃኒት ያጠጡታል፣
ወገቡን በመቀነት ይይዙታል፤
ተንገዳግዶ የወደቀበት ደጅ
ባለቤቱ ዕዳ ከፋይ ይሆናል።
ስንቱ ምስኪን ከፈለ፣
ልጁ እደጁ ስለ ደከመው ብቻ!

ዶክተር ቤትንኩር አልቸኮለችም።
በምላስ መጫኛ እንጨት ጀርባዋ ላይ አሰመረች፣
ሰዓቷን አየች።
አንድ ደቂቃ። ሦስት። አምስት።
መስመሩ ከቆዳው ተነሣ፣ እንደ ገመድ ወፈረ።

«ከቆዳሽ ሥር ዘቦች አሉ» አለች፣
«አንዱ በሕልሙ ጠላት አይቶ ደወሉን ይደውላል፤
ሰፈሩ ሁሉ ይቃጠላል፣ እሳት ግን የለም።
ማን አስደነገጠው? ቫይረሱ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።
ክትባቱም አልፎ አልፎ ይቀሰቅሳል።
ሁለቱ ተደራርበውም ይሆናል፣ ወይ አንዳቸውም።
ሽሪምፑ ግን ነፃ ነው፤ እሱ ቢሆን ማክሰኞን አይጠብቅም ነበር።
የቀረውን አላውቅም።»

አላውቅም ያለችው በሙሉ ድምፅ ነው፣
መስኮት እንደሚከፍት ሰው።

ኢዳሊና ክኒኗን ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።
አዮዲንን ታውቃለች፣ ደምን፣ የሾርባ ቅባትን፤
ደግሞ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ እድፍ አለ፣
ግራጫ፣ እንደ ዝናብ ጥላ፤
ዘሩን ሳትጠይቅ ነው የምታጥበው።
ለመጠየቅ የሚያህል ጊዜ
በዚህ ቤት ለማንም አልተሰጠም።

ማታ ጋስፓር ሸሚዟን ገለጥ አድርጎ
በጥፍሩ ጀርባዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።
«ምንድን ነው?»
«ጠብቂ፣ ይነሣ።»
እሱ ፊደሉ ሳይነሣ እንቅልፍ ወሰደው።
እሷ በሁለት መስተዋት መካከል አንገቷን ጠምዝዛ
ቀይ፣ ጠማማ ጽሑፍ አነበበች፦
ሽሪምፕ ልግዛ?

ሠላሳ ደቂቃ ቆየ።
ከዚያ ቆዳዋ ረሳው፣
እሷ መልሱን ገና እያሰበች።