ቀዝቃዛው ቦታ

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው በታች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
የኛ ማብሰያ ናት፤ ጠባብ፣ ሰው በጎኑ የሚገባ።
አንድ የብረት ድስት አለን፣ ክዳኑ በብሎን የታሰረ፣
ከሆስፒታል ጡረታ የወጣ፣ መርፌ ሲቀቅል የኖረ።
እመት አንጓች አይተው ሳቁ፦ «መርፌ የቀቀለ ብረት
ምኑን ያውቃል የዶሮን ነገር? ምኑን ያውቃል የብልት?»

ግን ሠሩ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ያለ ችኮላ
ዶሮ እስኪጮኽ አቁላሉ፤ የጮኸው የተረፈው ነው፣ ሌላ።
አሥራ ሁለቱን ብልት አወጡ፣ በጨው በሎሚ አጠቡ፤
እኔ ስመዝን፣ ስጽፍ፣ አሁንም አሁንም ቀረቡ፦
«ልጄ፣ ዶሮ በጣት ይታወቃል፣
ወረቀትሽ ምን ይቀምሳል?»

የመለኪያውን ሽቦ ከመላላጫው አጥንት ሥር ወጋሁ፤
በከረጢቱ ውስጥ ዘግይቶ የሚሞቀውን ነጥብ ፈለግሁ።
ቀዝቃዛው ቦታ እንለዋለን፤ እሳት መጨረሻ የሚደርስበት፣
ዳር ዳሩ ሲንተከተክ እሱ ገና ትናንት ያለበት።
መቶ ሃያ አንድ ዲግሪ እዚያ ገብቶ ካልታየ
የዳሩ ፍላት ከንቱ ነው፤
ተኝቶ የሚጠብቅ ተሕዋስ ከመሐሉ አልተለየ።

የመጀመሪያው ዙር አረረ፤ በርበሬው ጠቆረ፣ መረረ፤
በሁለተኛው ሥጋው ከአጥንቱ ሸሽቶ ገንፎ ሆኖ ቀረ።
ሦስተኛውን ደረደርን። በአሥረኛው ቀን፣ ማለዳ፣
አንዲት ከረጢት አብጣ አየኋት፣ እንደ ነፍሰ ጡር ከብዳ።
ስፌቷን ወደ ብርሃን አነሣሁ፦ የቅቤ ጠብታ፣
ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች።
ቅቤ ስፌት አያስይዝም።
እመት አንጓች አቀረቀሩ፦ «እጄ ነው፤ ስጨልፍ ነካሁት።»
ከዚያ ወዲያ የከረጢቱን ከንፈር እንደ ሕፃን አፍ ጠረጉት።

በቅበላ ሳምንት ሃያ አራት አሸግን። ሁዳዴ ገባ።
ወጡም ከኛ ጋር ጾመ፣ መደርደሪያ ላይ፣
ሃምሳ አምስቱን ቀን፣ ቅቤው እንደረጋ።
በየሳምንቱ እየዳሰስኩ «ደህና፣ ደህና» ብዬ ጻፍኩ።
አንድ ቀን ብቆጥር ሃያ ሦስት። ናሙና አሥራ አራት የለችም።
እመት አንጓችን ጠየቅኋቸው፤ ሽንኩርት መላጥ አላቆሙም።

የፋሲካ ለት ስልኩ ጮኸ። ይበልጣል ነው፣ ልጃቸው፣
ጋላፊ መንገድ ዳር፣ በረሃው ላይ፣ ከባድ መኪና ያቆመው።
ሦስት ፋሲካ እንዲህ አለፈው፣ በደረቅ ዳቦ፣ በሻይ።
«እማ፣ ሞተሩ ላይ አሙቄ ከፈትኩት፤
እንቁላሉ ጎማ ሆኗል» አለ፤ ሳቀ፤
ቀጥሎ ድምፁ ጠፋ። መስመሩ አልነበረም የራቀ።

«ብልቱስ?» አሉት፣ በዝግታ።
«ፈረሰኛው ነው፣ እማ። የአባዬ ድርሻ።»
ማማሰያው ድስቱ ጠርዝ ላይ ቆመ፣ ለአፍታ።

መዝገቤ አሁንም እንዲህ ይላል፦
«ናሙና አሥራ አራት፦ ጠፍታለች። ምክንያቱ፦ አልታወቀም።»
እስክሪብቶዬን ከደንኩት።
አላረምሁም።