የመመለሻው መንገድ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ጌንት ተኝታለች፣
ሌደበርግ በካፊያ ጣሪያ ታጥባለች።
ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ነው የተፈቀደልን፣
"መስመሩ ጠፋ" ባይ ሳይነቃብን።

ከኖዱ ወዲያ ማዶ ፋይበሩ ጸጥ ያለ ነው፣
ብርሃን ነውና ዝናብ አይገባው፤
ከኖዱ ወዲህ ግን መዳብ ነው ሥጋችን፣
ይዝጋል፣ ይላላል፣ እንደ ጉልበታችን።

መውረጃው ቀላል ነው፤ ከላይ ይፈስሳል፣
በየደጁ ገብቶ እኩል ይዳረሳል።
ጣጣው መመለሻው፦ ሁለት መቶ ቤት
ድምፁን የሚያወጣው በአንዲት ጠባብ አንገት።
በአንዱ ደጅ የላላች አንዲት ብሎን ብቻ
ከአላፊው ራዲዮ፣ ከሊፍቱ ሞተር፣ ከጎረቤት መፍጫ
ጫጫታውን ሁሉ ለቅማ ታስገባለች፣
የመንገዱን ሰው ሁሉ ቃል ታሳጣለች።

እናም ሦስት ሳምንት፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ
የአባት ፊት ይቆራረጣል በልጁ ስክሪን ላይ።
"አልሰማሁህም፣ ድገመው" ሆነ ወሬው ሰዉ፤
ለሚደውል ሁሉ "አጥፍተው ያብሩት" ነው የምንመልሰው።

ዮሪስ አይቸኩልም። ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ
ማጉያውን ይከፍታል፣ አንዱን ክንድ ይነቅላል፣ ያያል ዝም ብሎ፤
ጫጫታው ካልወረደ መልሶ ይሰካል፣
ሌላውን ይነቅላል።
"ግራው ንጹሕ ነው" ይለኛል። "ቀኙም። እንሂድ ወደ ታች።"
እጽፋለሁ፦ ዴሲቤል፣ የቤት ቁጥር፤ ብዕሬ ርሳለች።

ጡረታው በኅዳር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት
ይህን ከተማ ያየው በጀርባው ነው፦ በጓሮው፣ በምድር ቤት።
ሌላው በደወሉ ማማ፣ በወንዙ ይኮራል፤
እሱ ከኮርኒስ ሥር የተጋደመ ጥቁር ኬብል ያስጎበኛል።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረስንባት።
የዳቦ ቤቱ ማዕዘን፣ ከአሸንዳው ጀርባ
ውሃ የጠጣች ኮኔክተር፤ ውስጧ አረንጓዴ፣ ዝገት እንደ አበባ።
በጣቴ ነካኋት፤ ሜትሩ ዘለለ።
"የትኛው ሰነፍ ነው እንዲህ ያሰራት?" ብዬ ሳቅሁ። እሱ ዝም አለ።
ባትሪውን አስጠግቶ ገመዱን አገላበጠ፣
የፒንሳውን ንክሻ አየና ፊቱ ተለወጠ።
ሰው ፊርማውን ያውቃል።
"የኔ እጅ ነው" አለኝ።

ሌላ ቃል አልወጣውም። አዲሱን ገመድ ላጠ፣
ኮኔክተር አገባ፣ አጠበቀ፣ ጎማውን በእሳት ትንፋሽ አቀለጠ፤
ናስትሮ ዞረበት፤ ደግሞ ዞረበት፣
ሦስተኛም ሲጠቀልል፣ እንደ ቁስል ፋሻ፣ ዝም ብዬ አየሁት።
ሜትሩ ላይ እንደ ሣር የበቀለው ጫጫታ
ዝቅ፣ ዝቅ አለና ሜዳ ሆነ፤ ጸጥታ።

መኪናው ውስጥ ነገረኝ፣ መስታወቱ በትንፋሻችን እንደታወረ።
"ያን ዕለት ኳስ ነበር፤ 'ነገ እሸፍነዋለሁ' ብዬ
ራቁቷን ትቻት ወረድኩ፣ ለመጀመሪያው አጋማሽ ቸኩዬ።"
"አሸነፋችሁ?" አልኩት።
"ሦስት ለባዶ ተሸነፍን።"
ቀጥሎም፣ ለራሱ እንደሚናገር፦
"ያቺ ነገ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀች።"

የዳቦ ቤቱ መብራት በራ። አንዲት ሴት ወጣች፣
ደጇን ጠረገች፤
አሻቅባ አላየችም። ምን ልታይ?
ስላልተቋረጠ ዓረፍተ ነገር ማን ምስጋና ያቀርባል?

በሥራው ወረቀት፣ "ምክንያት" በሚለው ሣጥን
"እርጥበት" ብዬ ጻፍኩ። ብዕሬን ቀማኝ፣
ሰረዘው፣ "ጥድፊያ" ብሎ ተካው፤
ከሥሩም ሙሉ ስሙን።

ሞተሩን አስነሣ። አሮጌዋ ኮኔክተር
በደረት ኪሱ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ትንኳኳለች።
"ያንተ ናስትሮ ቀለሙ ምንድን ነው?" ሲል ጠየቀኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።
"ቀይ" አልኩት።
እስከ ድልድዩ ድረስ አልተነጋገርንም።
ዓርብ ዕለት፣ ከትምህርት ቤቱ ጎን፣ ሰባት ቁጥር፣
አሥራ አንድ ሊሞላ አምስት ጉዳይ ነበር፣
ብርድ ነበር፣ ጓንቴ ረጥቦ ነበር፤
ያቺን ብሎን... አጥብቄያታለሁ?

"ዮሪስ" አልኩት፣ "መኪናውን መልሰው።"