እርሳስ ሲዘንብ

ቼስተር፣ ከቦዩ ዳር፣ ግንብ አለ ረጅም፣
መስኮቱ ጥቂት ነው፣ ደወልም የለውም፤
ቤተ ክርስቲያን አይደል፣ ሰዓት አይናገር፣
ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ መጣል ወደ ምድር።

ከጫፉ ላይ ጆብ አለ፣ እርሳስ የሚያቀልጥ፣
በወንፊት አሳልፎ ቁልቁል የሚገለብጥ።
ከታች ልጁ ኬዛያ፣ በበርሜሉ አጠገብ፣
ቆማ ትጠብቃለች ያን የእርሳስ ዝናብ።
ሽው፣ ከዚያ ጭስስ። ሽው፣ ከዚያ ጭስስ ይላል፤
እንደ ተነካ ድመት ውሃው ይቆጣል።

እፍኝ ሙሉ ዘግና በመዳፏ ስታየው
አንዱም ጠርዝ የለው። «ማነው ያድበለበለው?»
ብላ ጠየቀችው፣ ማታ፣ አባቷን፣
ሲያወልቅ ፍንጣሪ የበሳሳው ጫማውን።
ጆብ ብዙ አይናገር፤ ሳሉ ይቀድመዋል።
«ማንም» አላት። «ሲወርድ ማን ይነካዋል?
ድስት ውስጥ እያለ የድስቱ መልክ አለው፣
ጭልፋ ውስጥ ሲገባ ጭልፋውን መሰለው፤
አየር ላይ ግን ብቻውን፣ ያዡ ሁሉ ሲጠፋ፣
ቆዳው ይሰበስበዋል፣ አይጠብም አይሰፋ።
ውሃው እስኪቀበለው ክብደትም የለው፤
ያኔ ነው እርሳስ፣ እርሳስን የመሰለው።»

ሚስተር ግሪንድሊ ግን፣ አለቃው፣ ምሏል፦
«ከባዱ ይቀድማል፣ ቀላሉ ይከተላል።»
ኬዛያ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን አቀናች፤
አባቷ ከመሰላሉ አጋማሽ ላይ ቆሞ
አተር የሚያህለውንና የምስር ታናሹን
ከአንድ መዳፍ ለቀቀ።
በርሜሉ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ።
ደገሙት።
አንድ።
አለቃው ሳቀና «ጆሮሽን ታጠቢ» አላት፤
ሁለት ፔኒም ከሳምንት ደሞዟ ቆረጠባት።
የርግብ ላባ ብቻ፣ ከመስኮቱ የወደቀው፣
ዘገየ፤ አየር በወሬ መንገድ ላይ አቆየው።

በጥቅምት፣ እሑድ ቀን፣ ከእርሻው አጥር ባሻገር
ጌቶች ይተኩሱ ነበር።
ቆቅ ተነሣች ከገለባው፤ ጩኸት፤ ክንፏ ታጠፈ፣
ሰማዩ ላይ የነበራት ቦታ እንደ ስም ተገደፈ።
ኬዛያ ሳታስበው፣ ከልምዷ፣ ቆጠረች፦
አንድ፣ ሁለት...
ቆቋ ከአጥሩ ወዲህ፣ ሣሩ ላይ ደረሰች።

ጆብ ጎንበስ ብሎ ላባውን ገለጠ።
ከሞቀው ሥጋ ውስጥ አንዲት ፍሬ፣
የምስር ታናሽ፣ ገና ክብ።
«የኛ ናት» አለ። «የማክሰኞዋ።»
«እሷና ቆቋስ» አለች ልጅቱ፣ «የቱ ቀደመ?»
ጆብ መልስ አልነበረውም፤ ቆቋን ይዞ ቆመ።