አንድ ማንኪያ

ሂንዲያ ከሎጊያ፣ ሥራ ካገኘችበት፣
ቁልቋል ላከችልን፣ በቲማቲም ጣሳ፣ አሸዋ ሞልታበት።
ባህሩ ሾፌሩ ከጋቢናው ወረደ በሁለት እጁ ይዞት፣
«አደራችሁ» አለ፣ ጣቱን እየመጠጠ፣ መንገድ ላይ ወግቶት።

ወረቀት ነበረው፣ ጣሳው ላይ በላስቲክ የታሰረ፦
«አባ፣ ውሃ በወር አንዴ፣ አንድ ማንኪያ። ከዚያ ከተጨመረ
ይበሰብሳል። እዚህ ሰዉም እንደሱ ነው፣ በጥቂት ይኖራል።
እናቴን ጠብቃት፤ ያየችውን ሁሉ ታጠጣለች፤ እጇ ያመልጣታል።»

በወር አንድ ማንኪያ! ጅማ ላይ!
ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ደመና ከማይነሣበት ሰማይ፣
ጫማ ከአልጋ ሥር ሻጋታ በሚያበቅልባት፣
አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን በሚልስባት፣
የአጥር እንጨት በተተከለ በሳምንቱ ቅጠል በሚያወጣባት፣
በዚች ከተማ፣ ለአንዲት ነፍስ፣ ውሃ በጠብታ ልለካ?
ነጂባ ወረቀቱን አጥፋ ከመስታወቱ ጀርባ ሰካችው፣
እሺም እንቢም ሳትል፣ ነገር ሳትነካካ።

እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ፤
የውሃና ፍሳሽን ሰማያዊ ደብተር ይዤ ቦሳ ኪቶን የዞርኩ፣
በየጓሮው ተንበርክኬ መስታወቱን በእጅጌዬ እየጠረግኩ።
አንድ ማንኪያ ስንት ነው? መርፌዋ እንኳ አትነቃነቅለትም፤
በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

መስከረም አለፈ። ሂንዲያ አልደወለችም አንድ ሰሞን፤
ኔትዎርክ ይሆናል አልን፤ ሙቀቱ ይሆናል፤ ሥራው ይሆን።
አንድ ሌሊት ተነሣሁ። ነጂባ ተኝታለች፣ ወይም መስሎኛል።
ከጀሪካኑ በክዳኑ ቀድቼ ጠብ አደረግሁለት፤
ለዛሬ ብቻ፤ አንድ ጊዜ ምን ይለዋል?
አሸዋው ድምፅ ሳያሰማ ውሃውን ወደ ውስጥ ሲስብ ባየሁኝ፣
ልጄ ፊቴ ተቀምጣ የጠጣች ይመስል፣ ደረቴን ቀለለኝ።
በማግስቱ ደገምኩ። ከዚያ ጁምዓ ማታ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩ፤
እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የጠጣውን ስቆጥር የኖርኩ።

ቁልቋሉ ወፈረ፤ አብረቀረቀ፤ «ጅማ ተስማማው» አለች፤
እኔም «ተስማማው» አልኩ። ጣሳውን ወደ መስኮቱ አዞረች።
ኅዳር አጋማሽ ላይ ወገቡ ዘንድ አንዳች ጥቁረት ወጣ፤
በጣቴ ብጫነው እንደበሰለ አቮካዶ ገባልኝ፤ ሽታም መጣ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «በወር አንዴ አልቻልኩም፤ ሌሊት ሌሊት...»
ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ፦ «አንተ ሌሊት?
እኔ ከሱብሒ በኋላ። የውዱዬን ትራፊ። በየቀኑ ማለት ይቻላል።
አሸዋው ረጥቦ ሲጠብቀኝ፣ ‹የጅማ ነገር› እል ነበር፣ ‹አየሯም ያጠጣል›።»

ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ትራስ ተጋርተን፣
ለአንድ ልጅ ናፍቆት ሁለት ሌባ ሆንን።

የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ አባ ጊዲ መጣና «ቢላ አምጡ» አለን፤
ጤነኛውን ጫፍ ቆርጦ፣ ስምንት ቀን ውሃ እንዳናሳየው አስማለን።
መስኮቱ ላይ፣ ቁስሉን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ተጋደመ።
በሰባተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። «ደኅና ነኝ፤ ስልኬ ነበር የታመመ።
ቁልቋሉስ?» አለች። ተያየን። «ደኅና ነው» አልን በአንድ አፍ፣
ዓይናችን መስኮቱ ላይ፣ ያቺ አውራ ጣት የማታህል ጫፍ።

አሁን ቀን መቁጠሪያው ላይ በእስክሪብቶ የተከበበች ቀን አለች፤
ማንኪያዋን እኔ እይዛለሁ፤ እጄን እሷ ትይዛለች።

ዛሬ ግን ገና አሥራ ሰባት ነው። ሐምሌ አሥራ ሰባት።
ሰፈሩ ሁሉ ሲጠጣ ይሰማናል፣ መብራት በጠፋበት ቤት፤
ሙዙ፣ ቦዩ፣ ደጅ የተረሳው ባልዲ።
ጓዳ በኩል አንድ ማንኪያ ኳ ይላል።
«ምን ፈልገሽ ነው?» «ምንም። ጨው።»
በዚህ ሰዓት ጨው ለምን፣ አልልም፤
እኔም የተኛሁት እጆቼን ብብቴ ሥር ወሽቄ ነው።