ስድስተኛዋ ቀዳዳ

የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ መርከብ አለ፣
በጅቡቲ የገባ፣ ጠርዙን ዝገት የበላው፣ ሆዱ ግን ያልጎደለ።
አርባ አንድ ሰዓት ይዟል፤
ሁሉም የወታደር፣ ሁሉም አንድ ጊዜ የዘመተ፣
ገሚሱ አሁንም የሚሄድ፣ ገሚሱ መንገድ ላይ የሞተ።

የጣሊያን አለ፣ መስታወቱ የሸረሪት ድር የመሰለ፤
የእንግሊዝ አለ፣ ጀርባው ላይ የቀስት ጫፍ የተቀረጸበት፤
የሩስያ አለ፣ ታንክ የተሳለበት፣
አንድ ኩባዊ ለሳቢያን ልጅ በፍቅር ያሰረላት፣
እሷም ልጇን ስትድር፣ ጎደለብኝ ብላ የሸጠችልኝ፤
ከካራማራ ማዶ የመጣም አለ፣ ባለቤቱን ማንም ያልነገረኝ።
ባላንጣ ከባላንጣ ጎን ለጎን ተኝተው
ሌሊቱን ሲንሾካሾኩ ያድሩና፣ ጧት ክዳኑን ስከፍተው
አንዱን ካንዱ በሰባት ደቂቃ ተለያይቶ አገኘዋለሁ።
አላስታርቃቸውም። ፊታቸውን በጨርቅ ወልውዬ እዘጋዋለሁ።

ኡመርዲን፣ የቀፊራው ሰዓት ሠሪ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣
በሙቀቱ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ከፍቶ፣
«አቦ! ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ ሰው ፍየል ይሰበስባል፤
አንተን የሞተ ሰው እጅ ምን ያደርግልሃል?»
ይለኛል። እስቃለሁ። ጫቱን ገፋ ያደርግልኛል።

አንዷን ያውቃታል እንጂ ወሬዋን አልነገርኩትም፤
የመጀመሪያዋን። ገዛኋት እላለሁ፤ መግዛት ግን አልነበረም።

ሰኔ ሰማንያ ሦስት። ሠራዊቱ ተበትኖ፣
የለገሃር ግቢ የሰው መጋዘን ሆኖ፣
ከፊሉ ጫማውን ሸጦ፣ ከፊሉ የሴት ነጠላ ለብሶ፣
አንድ አሥር አለቃ ወደ መስኮቴ መጣ፣ ሰልፉን ጥሶ።
ዘርጋው ነኝ አለኝ፤ ክንዱን በፍርግርጉ ዘረጋው።
«ቆማለች እንጂ ደህና ናት። እስከ አዋሽ ታደርሰኛለች?»
ስትወልቅ፣ ፀሐይ ያላየው ቀለበት አንጓው ላይ ትታለች።

እስከ አዋሽ ሃያ ሁለት ብር ነበር።
ዋጋውን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቲኬት ቆራጩ እኔ ነበርኩ።
ስምንት ብር፣ ሁለት ዳቦና ሦስት ማንጎ ቆጠርኩ።
አመሰገነኝ።
ምስጋናው ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ።

ማታ በፋኖስ ገልብጬ አየኋት። ሦስት ሰዓት ከአሥር።
የማን ሦስት ሰዓት? በኛ ከሆነ ጧት ነው፣ ጥላ ገና ሳያጥር፤
በፈረንጅ ከሆነ ዘጠኝ፣ አሸዋው እንደ ምጣድ ሲግል።
ወታደር በየትኛው እንደሚቆጥር አልጠየቅኩትም፤
የቆመችበትን ቀን፣ ያን ቀን አጠገቡ የነበረውን አልጠየቅኩትም።

ጠፍሯ አምስት ቀዳዳ አለው፣ በፋብሪካ ልክ የተመታ፤
ስድስተኛዋ ጠማማ ናት፣ በሚስማር የተበሳች፣ ምናልባት አንድ ማታ
ምሽግ ውስጥ፣ ከእጁ እየወለቀች ስታስቸግረው።
ፋብሪካው ያላሰበውን ክሳት እሱ በሚስማር ቆጠረው።

ያን ጊዜ ለኔ ሁለተኛዋ ላይ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ገዛሁ፤ ከሐረር፣ ከጅግጅጋ፣ ከታይዋን ገበያ፣
የጠሩልኝን ሳልከራከር፣ አንዳንዴም ጨምሬበት፣
እማዋይሽ «ሰውዬውን ነካ አደረገው» እስክትል ድረስ።
አርባውን በሙሉ ዋጋ ብገዛ
የአንዷ ዕዳ የሚቀል መስሎኝ ነበር።

አንዳንድ ቀን ጧት ሦስት ከአሥር፣ አንዳንድ ቀን ዘጠኝ ከአሥር ላይ
ለገሃር በር እቆማለሁ፤ በአንዱ ሰዓት ቢመጣ ብዬ።
ጥበቃው ያውቀኛል። የሚጠብቅ ሰው እንጂ የሚመጣ ሰው አያውቅም።

ባቡሩ ቀረ። ሐዲዱ ላይ ፍየል ይተኛል። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጥቷል።
ስኳር ከያዘኝ ወዲህ ክንዴ ከዓመት ዓመት ይሟሟል።
አምና አራተኛዋ ላይ አሰርኳት፤ ዘንድሮ አምስተኛዋ ላይ ሆነች።
ኡመርዲን «አንዲት ጠብታ ዘይት ብቻ፤ ወላሂ ትሄዳለች!»
ይላል፣ እጁን ዘርግቶ።
ቆይ እለዋለሁ።
አንድ ቀዳዳ ይቀረኛል።