ሁለት ባላ

ሥራዬ ባትሪ መያዝ ነው።
ቨርና ከመኪናው ሥር በጀርባዋ ተኝታ፣
«ግራ» ካለች ግራ፣ «ዝቅ» ካለች ዝቅ፤ አንዳንዴም ዝምታ።
ሞንታና ውስጥ፣ በየካቲት፣ ጣቴ ደንዝዞ፣
ጋራዡ በረዶ አርግዞ።

ሻንሲው የመንገድ ሥራ ጡረተኛ፣
በሐራጅ የተሸጠ፣ ሣር በቅሎበት የተኛ።
ሞተሩ ከኦርቪል ስቴንሩድ እህል መጫኛ፣
ጎርፍ ውጦ የተፋው፣ የሦስት ዓመት ዳተኛ።
ቀኝ በሩ አረንጓዴ፣ ግራው የጉበት መልክ፤
ኮፋኖው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብቻ ገባ በልክ።

«ሁለት መኪና መግዣ የለንም» አለች፣ «አንዱ ሁለት ይሁን፤
ቅዳሜ ገደል ይውጣ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ያድርሰን።»

ከዚያ መኪናው ከራሱ ጋር ሙግት ገጠመ።
አደኑ «ከፍ አድርጉኝ» አለ፣ ባሌስትራው ይነሣ፣
ቋጥኝ ላይ ስወጣ ሆዴ እንዳይበሳ።
እናቴ ኢንገር ግን ሰማንያ ሦስት ናት፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም አላት፤
ጉልበቷ ያን ከፍታ አይቶ «እኔን ተዉኝ» አለ።
ቨርና ምንም ሳትል ሌሊቱን ስትበይድ አደረች፣
ከአሮጌ ማረሻ ተጣጣፊ ደረጃ ሠራች፤
ሲረግጡት የሚዘረጋ፣ ሲለቁት የሚታጠፍ።
«ልጄን ይመስላል» አለች እናቴ፣ ተደግፋኝ ስታልፍ።

አደኑ «አፈር ቀቡኝ» አለ፤ መንገዱ «የለም፣ ልታይ፣
ጉም ሲወርድ፣ የከብት መኪና ሲመጣ ከላይ።»
አፈር ቀባችው፣ ከኋላ ግን አንድ ብርቱካናማ መስመር፤
አጋዘን ቀለም አይለይም አሉ፤ ሾፌር ይለያል፣ ይመስገን እግዜር።

ከጋቢናው የኋላ መስኮት፣ ለጠመንጃዋ፣ ሁለት ባላ፤
በበግ ቆዳ ለበጠችው፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ብላ።
ግን ሕግ አለ። ትምህርት ቤት ግቢ ጠመንጃ አይገባም፤
እሑድ ማታ ይወርዳል፣ ይቆለፋል፤ ጭቅጭቅ የለም።
ሰኞ ባላው ላይ የሚሰቀለው የቨርና ማማሰያ ነው፣
የሁለት መቶ ልጅ ሾርባ የሚያማስለው፤
ክንድ ተኩል እንጨት፣ ጫፉ በእንፋሎት የጠቆረ።
አርብ ማታ እሱ ይወርዳል፣ ጠመንጃው ይሰቀላል።
ይህም የእኔ ሥራ ነው። ባትሪ ያዥም፣ ሰቃይም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ የወቅቱ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣
በአንደኛ ማርሽ፣ የሚዙሪን ገደል ጥግ ጥጉን፣ እኔም ከጎኗ አዝግሜ፣
ቆመ። ኤልክ።
ቀንዱ በየጎኑ ስድስት ቅርንጫፍ፣ ትንፋሹ ነጭ፣
ገና ያልነጋ ሰማይ ጀርባው ላይ እንደ ጆንያ ተጭኖ።
ቨርና ሞተሩን አጠፋች። በሩን ከፈተች፣ አልጮኸም፤
ማጠፊያውን ዘይት ያጠጣችው ለዚህች ደቂቃ ነበር፣ ስምንት ወር ሙሉ።
ዓይኗን ከቀንዱ ሳትነቅል እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፣
ከባላው አነሣች፣ ደረጃውን ረገጠች።
ያኔ ነው ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር የተገለበጠው።
አርብ ማታ። ሶፋው። ሆኪው። እንቅልፉ።

መሬት ወርዳ ነው ያየችው።
ኤልኩ አያት። እሷ አየችው። ማማሰያው እኔን አየኝ።
ሁለት ባላ የተከለ ካንዱ ቢወድቅ ባንዱ ይንጠለጠላል ይባላል፤
እኔ ከሁለቱም ወደቅሁ።

ከዚያ ያደረገችው እስከ ዛሬ አይገባኝም፦
ማማሰያውን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና አነጣጠረች፣
«ቧ» አለች፣ በሹክሹክታ።
ኤልኩ ጆሮውን አራገበ፤ ሄደ፣ ሳይቸኩል፣
ከስብሰባ ረግጦ እንደሚወጣ ሽማግሌ።

አርባ ማይል አንድ ቃል አልተነፈሰችም።
ቤት ስንደርስ እናቴ «ምን ገደላችሁ?» አለች።
«ሾርባ።»

ማታ ጋራዡ ውስጥ «ባትሪውን ያዝ» አለችኝ።
ሜትሯን ዘርግታ፣ ከሁለቱ ባላዎች በላይ፣
ለሌላ ባላ ቦታ ለካች፤ ወፍራም ብረት መረጠች።
«ይኼኛው ለምንድን ነው?»
«ላንተ» አለች፣ መነጽሯን ዓይኗ ላይ እያወረደች።
ጠጋ አልኩ።
ሳትለኝ ወደ ግራ አበራሁ።